ቲቪው ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም፦ ባክላይት ነው ወይስ ፓኔል?

ጠያቂ
ሰላም ለዚህ ቤት። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪ ነው። ሲከፈት ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ይልና ይጨልማል፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል፣ ቻናልም ይቀየራል። በመልቲሜትር ምኑን ልለካ? ባክላይቱ (ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት) ከሆነስ የተቃጠለችውን ኤልኢዲ ብቻ መቀየር ይበቃል?

ቮልት
ከመፍታትህ በፊት ክፍሉን አጨልምና የስልክህን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ በሰያፍ አብራበት። የሜኑው ጽሑፍ ደብዝዞ ከታየህ ፓኔሉም (ምስሉን የሚያሳየው መስታወት) ሜይን ቦርዱም (ዋናው ሰርኪት) ደህና ናቸው። የኤልሲዲ ፓኔል የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው የሚመጣውን ያሳልፋል ወይም ይጋርዳል። ምንም ካልታየ ግን ስትሪፕ (የባክላይቱ ኤልኢዲዎች የተደረደሩበትን ዘንግ) ለመግዛት አትቸኩል።

ኤልኢዲዎቹ በሲሪየስ፣ ማለትም አንዷ ከሌላዋ ተከታትላ፣ ነው የተያያዙት። አንዷ ከተቆረጠች ሁሉም ይጠፋሉ። ብልጭ ብሎ መጥፋት ግን ብዙ ጊዜ አንዷ ሾርት ስትሆን (ሁለቱ ጫፎቿ ከውስጥ ሲገናኙ) ወይም ስትሞቅ ግንኙነቷ ሲላቀቅ የሚመጣ ነው፤ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲዎቹ ኃይል የሚሰጠው ሰርኪት) ያልጠበቀውን ቮልቴጅ ሲያይ ራሱን ያጠፋል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ባለ 6 ቮልት ኤልኢዲ 12 ካሉ ስትሪፑ ወደ 72 ቮልት ይፈልጋል። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርገህ በባክላይቱ ሶኬት ፕላስና ማይነስ ላይ ያዝና ቲቪውን ክፈት። ቮልቴጁ ከሚፈለገው በላይ ዘሎ ከወረደ መስመሩ ተቆርጧል። 60 አካባቢ ደርሶ ከጠፋ ሁለት ያህል ሾርት ሆነዋል። ይህ ቮልቴጅ ይነዝራል፤ ፒኑን በጣት እንዳትነካ።

ስትሪፑ ላይ ያለችውን ኤልኢዲ በመልቲሜትሩ ዳዮድ ሞድ ሞክረህ ባትበራ ሞታለች አትበል። የብዙ መልቲሜትሮች ዳዮድ ሞድ ከ3 ቮልት ብዙም አያልፍም፣ ባለ 6 ቮልቷን አያበራትም። የባክላይት ቴስተር እስከ 300 ቮልት ቢያወጣም ከረንቱን ስለሚገድብ ሙሉውን ስትሪፕም አንዷን ኤልኢዲም ሳይጎዳ ያበራል።

ካቻቪቴ
ባክላይቱ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ሥራውን የሚያበላሸው አፈታቱ ነው። የቲቪውን ሶኬት ከግድግዳው ንቀልና ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ትልቁን ካፓሲተር ለካ፤ 220 ቮልት ሲቀየር 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል፣ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

ፓኔሉን ለሁለት ሆናችሁ አንሱት። በጠርዙ በኩል መስታወቱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙ ስስ ፊልሞች አሉ። አንዱ ከተቀደደ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይመጣል፤ ያ በቤት የሚጠገን አይደለም። ፓኔሉን ንጹሕና ለስላሳ ነገር ላይ አስተኛው፣ በአንድ ጫፉ ብቻ ይዘህ አታንጠልጥለው።

ከሥሩ ያሉትን ሺቶች (ብርሃኑን የሚበትኑትን ስስ ፕላስቲኮች) በቅደም ተከተላቸው ፎቶ አንሳ፣ አንዱ ጥግ ላይም ምልክት አድርግ። ሲገለበጡ ወይም ሲቀያየሩ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በመሃል የቀረ አቧራም እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል።

ጠያቂ
በባትሪው ጽሑፉ ይታያል! ታዲያ አንዷን ልቀይር ወይስ ሁሉንም?

ፎስፈር
ሁሉንም ቀይር። አንዷ ስትሞት የቀሩትም በዚያው ሙቀትና በዚያው ከረንት ያረጁ ናቸው፤ በቅርቡ ሌላዋ ትከተላለች፣ አንተም ያንን ፓኔል እንደገና ታነሳለህ። በዚያ ላይ አዲሷ ከአሮጌዎቹ ደምቃ ቦታው ይለያል። ነጭ ኤልኢዲ በውስጧ ሰማያዊ ናት፣ የሸፈናት ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ፎስፈሩ፣ ነው ነጭ የሚያደርጋት፤ ፎስፈሩ ሲቃጠል ስክሪኑ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። እንዲህ ያለችው ቴስተር ላይ ትበራለች፣ ስለዚህ ቀለሟንም ተመልከት።

ስትሪፕ ስትገዛ ላዩ ላይ የታተመውን ኮድ፣ የኤልኢዲውን ብዛት፣ ርዝመቱንና ሶኬቱን አመሳስል። ከሁሉ በላይ ግን ቮልቴጁን። በባለ 3 ቮልት ቦታ ባለ 6 ከገባ ድራይቨሩ አይደርስበትም፣ ያጠፋዋል። የኤልኢዲዋ ሌንስ ከተነቀለ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ክብ ነጭ ድምቀት ይወጣል፤ መልሰህ ስታጣብቀው ሙጫው መብራቷን እንዳይሸፍን።

ቮልት
አዲሱንም ያው ከረንት እንዳይገድለው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቲቪ ከፋብሪካ ሲወጣ ባክላይቱ ጣሪያ ላይ ነው። ከሜኑው ውስጥ «ባክላይት» የሚለውን ወደ 60 ወይም 70 አውርደው። «ብራይትነስ» ሌላ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች የጥቁሩን መጠን እንጂ የኤልኢዲውን ከረንት አይነካም።

ሜኑው የማይፈቅድ ከሆነ ከድራይቨር አይሲው (ቺፑ) አጠገብ ከረንቱን የሚለኩ ትንንሽ ሬዚስተሮች በፓራለል (ጎን ለጎን ተያይዘው) ተደርድረው ታገኛለህ። ሦስት እኩል ከሆኑና አንዱን ካነሳህ ከረንቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። የቦርዱን ሰርኪት ሳታውቅ ግን አትንካ፤ ተሳስተህ ሌላ ካነሳህ ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

ፓኔሉን ከመመለስህ በፊት ስትሪፖቹን አገናኝተህ ቲቪውን ክፈት። በባዶ ዓይን አትመልከታቸው፣ ነጭ ወረቀት ሸፍንባቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይጠፉ ከቆዩ፣ ሺቶቹን መልስ።