በርሜል ዕቃ ነው ወይስ ማቴሪያል? የኦንቶሎጂ ምደባ ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩና የሚሸጡ ዕቃዎችን በኦንቶሎጂ (የነገሮችን ዓይነትና ግንኙነት ኮምፒውተር በሚረዳው መልክ በሚያስቀምጥ ምደባ) እየመደብኩ ነው። የምጠቀመው ፕሮቴጄ የተባለውን የኦንቶሎጂ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ የምጽፍበት ቋንቋ ኦውል (OWL)።

ከላይ «ዕቃ» እና «ማቴሪያል» የሚሉ ሁለት ክፍሎች አሉኝ። አንድ ነገር ሁለቱንም እንዳይሆን ዲስጆይንት አድርጌያቸዋለሁ። ጀበና ላይ ችግር የለም፤ ጀበናው ዕቃ፣ ሸክላው ማቴሪያል፣ «የተሠራበት» በሚል ግንኙነት ተያይዘዋል።

የተቸገርኩት በርሜሉ ላይ ነው። የዘይት በርሜል ዕቃ ነው። ቀጥቃጩ ጎኑን ቀዶ፣ በመዶሻ ዘርግቶ የከሰል ምድጃ ሲያወጣበት ግን ማቴሪያል ሆነ። የመኪና ጎማም በረባሶ ሲሆን እንደዚያው። ሁለቱም ሥር ሳስገባቸው ተቃርኖ የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ሄርሚት፣ በቀይ ያወጣቸዋል፤ አንድም አባል ሊኖራቸው አይችልም ማለቱ ነው። ዲስጆይንቱን ሳነሳ ቀዩ ይጠፋል። ያኔ ግን ሸክላን ራሱን ዕቃ ሥር ቢያስገቡት የሚከለክል የለም፤ ይሄ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ጉዳት ነው። «የበርሜል ላሜራ» የሚል ክፍል ለብቻው ፈጥሬም አየሁት። እንዲህ ከሆነ ለጎማው፣ ለቆርቆሮው፣ ለጣሳው ሁሉ መንታ ልፈጥር ነው።

ቢኤፍኦ (BFO) የተባለው መሠረታዊ ኦንቶሎጂ ሚናን ከነገሩ ዓይነት ለይቶ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። ታዲያ ዲስጆይንቱን ሳልነካ፣ የበርሜሉን ማቴሪያልነት እንደ ሚና ባስገባው ይሻላል ወይስ መንታ ክፍሎቹን ልቀጥል?