ቱርቦ የገጠምኩለት ሞተር ዳገት ላይ ያንኳኳል፤ እባካችሁ ምከሩኝ
የሙያው ባለቤቶች፣ ድረሱልኝ። 1.6 ሊትር ሞተር ባላት ኮሮላዬ ላይ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ገጥሜ በየቀኑ ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ እነዳታለሁ። ሜዳ ላይ ትወነጨፋለች፤ ዳገቱን ስጀምርና የቱርቦው ግፊት 0.5 ባር ሲደርስ ግን ሞተሩ ጠጠር እንደ ገባበት ቆርቆሮ ይንኳኳል። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ፒስተኑ የተበሳ ይመስለኛል፤ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ። ቀዝቃዛ የሚባለውን፣ ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣውን ካንዴላ አስገባሁ፣ የእሳቱንም ጊዜ አዘገየሁ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የሞተሩ የመጭመቂያ መጠን 9.5 ለ 1 ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦው አብዝቶ ሲሽከረከር አየሩን የሚያግለው ይመስለኛል። ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) የለኝም። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ይበቃል፦ ኢንተርኩለር ልግዛ ወይስ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) አውርጄ መጭመቂያውን እንዲቀንስ ከሥሩ ወፍራም ጓርኒሲዮን ላስገባ? ሞክራችሁ ያያችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያው ቱርቦውን አላስነሳም።