ሥራ በሌለበት ሥራ ማፈላለጊያ? የሰሜን ሸዋ ልጆች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸው። በዞናችን ከተሞች ሥራ አጥ ወጣት ሥራ እንዲያገኝ ወይም የራሱን እንዲጀምር የሚያግዙ ማዕከላት አሉ። በዩኒቨርሲቲ ካሪየር ሴንተር ይሉታል። ቀበሌ ላይ ደግሞ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው አለ። ይመዘግባሉ፣ ሲቪ ያስተካክላሉ፣ ለቃለ መጠይቅ ያለማምዳሉ፣ የንግድ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ያደራጃሉ፣ ብድር ያመቻቻሉ። አንድ አባላችን «ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለብድርና ለመሥሪያ ቦታ ይዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም። የመሥሪያ ቤት ስም እየጠራችሁ አትክሰሱ። እኔም መሃል ላይ እገባለሁ፤ አወያይ ነኝ ብዬ አፌን አልዘጋም።

ዜሮ ዓመት፦
ለብድር ይዋል፣ አለቀ። መውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች አንዱ ነኝ። አካውንቲንግ ተመርቄ፣ ፈተናውንም አልፌ ቤት ተቀምጫለሁ። ሲቪዬን ማዕከሉ አስተካክሎልኛል። ያምራል፤ ፎቶዬ ሳይቀር ያምራል። ማስታወቂያው ግን «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ» ይላል። በዜሮ ዓመት የሚወጣ ቦታ እንደ ሎተሪ ነው። ልምዱን ከየት ላምጣ? ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነብኝ።

የሰው ኃይሏ፦
«ሥራ የለም» የሚለውን ልቃወም። ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች በአንዱ ሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ከተማችን ውስጥ ዳሸንም ሐበሻም ቢራ ይጠምቃሉ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ሥራ ይኖራል፤ ጉዱ ያለው አሞላሉ ላይ ነው። እንዴት እንደሚሞላ ልንገራችሁ። ክፍት ቦታ ሲኖር አንድ ወረቀት ታትሞ በሩ ላይ ይለጠፋል። ዝናብ ካልመታው ጥቂት ቀን ይቆያል። ወረቀቱ ገና ፊርማ ሳያገኝ ግን ውስጥ ያለው ሠራተኛ ለወንድሙ፣ ለአክስቱ ልጅ፣ ለጎረቤቱ ደውሏል። ጥበቃው ሳይቀር ደውሏል። ወረቀቱ ሲለጠፍ ሲቪው ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። ከጣርማ በር ወይ ከሰላ ድንጋይ የመጣ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሰው የሌለው ልጅ ወሬውም አይደርሰው።

ዜሮ ዓመት፦
አየሽ፣ ራስሽ ነገርሽን። የሚቀጥረው ዘመድ ነው። ማዕከሉ ዘመድ ይሆነኛል?

የሰው ኃይሏ፦
እሱን ይሁንህ ነው የምለው። ሲቪ ማሳመሩን ይተውና ክፍት ቦታውን ከእኛ እጅ ቀድሞ ይቀበል። ዘመድ ከሚደውልበት ሰዓት በፊት።

ጋሼ ብርድ ልብሱ፦
ልጆች፣ በእኔ ጊዜ ማዕከል የሚባል አልነበረም። ማለዳ ፋብሪካው በር ላይ መቆም ነው። ፎርማኑ ወጥቶ ያይሃል። ትከሻህ ሰፋ ካለ «አንተ ና» ይልሃል። እኔ እንደዚያ ገብቼ ጡረታ ወጣሁ። የዛሬ ልጅ ይገባና በወሩ ይወጣል። ቅዝቃዜውን አልቻልኩም ይላል፤ እዚሁ ተወልዶ! የበዛው ሥራ አጥ ሳይሆን ሥራ መራጭ ነው።

የጋርመንቷ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፣ እሱን ግን አይበሉ። ገብተው ከወጡት አንዷ እኔ ነኝ። የላከኝ ማዕከል ነው። ከገጠር መጥተን ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራየን። ደመወዙ ኪራይና ሽሮ ከፍሎ ለሳሙና አይተርፍም። ለግል ድርጅት ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል የለም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ወለሉን ራሱ አልቆረጠም። አሜሪካ በ2014 ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አገሯ ከሚገባበት ዕድል ማለት ነው፣ ስታስወጣን ደግሞ የውጭ ትዕዛዝ ጠብቆ የሚሰፋው ጋርመንት ሁሉ ተንገዳገደ። የእኔ ነገር የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስገባ ማዕከሉ «ሥራ ይዛለች» ብሎ ጻፈ። ስወጣ ማንም አልጠየቀኝም። ሪፖርቱ ላይ እስከ ዛሬ ሠራተኛ ነኝ።

ጋሼ ብርድ ልብሱ፦
ሽሮውን አሁን የዋጋ ነገር ሳየው እውነትሽን ነው ልጄ። ቅዝቃዜውን ግን አልምርም።

አወያይ፦
የጋርመንቷ ያለችው መታለፍ የለበትም። «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲባል ቋሚም ጊዜያዊም ተደምሮ ነው። ኮብልስቶን ላይ ጥቂት ወር ያነጠፈውም፣ ቢሮ የገባውም አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ማዕከል የሚለካው ስንት ሰው አስገባ ተብሎ ከሆነ ማስገባት ብቻ ነው የሚሠራው። ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «አለህ ወይ?» ማለት የስልክ ሂሳብ እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል? እንቀጥል። ሥራ ፈጠራውስ?

ሲኦሲ ያለፈ፦
እኔን ጠይቁኝ። ቴክኒክና ሙያ ብረታ ብረት ተምሬ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ አለፍኩ። ተደራጁ ተባልን። አምስት ሰው ሁኑ አሉ። ብየዳ የምናውቀው ሦስት ነን። ቁጥሩን ለመሙላት የአክስቴን ልጅና አንድ የሰፈር ልጅ ጨመርን። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ቀጥሎ የንግድ ዕቅድ አምጡ ተባለ። ሁሉም እንደሚያደርገው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። የልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ዕቅዱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። «የምን ላውጣላችሁ? ዶሮ፣ ወተት፣ ብረታ ብረት?» አለችን። ስማችንን ቀይራ አተመችው። ቤት ገብቼ ሳነበው ገጽ አራት ላይ «የድርጅቱ ዋና ገበያ ኮምቦልቻና አካባቢዋ ነው» ይላል። እኛ ያለነው ጫጫ! ዕቅዱ ጸደቀ። እኔ ብቻ ነኝ ያነበብኩት ማለት ነው።

ባለሙያው ዕቅድ አምጡ ከሚለኝ ቁጭ አድርጎ ቢጠይቀኝ ኖሮ። ላሜራውን ስንት ትገዛለህ? አንድ በር ስንት ቀን ይፈጅብሃል? መብራት የጠፋ ቀን ምን ትሠራለህ? ደንበኛህ በዱቤ ቢልስ? ያኔ ወይ ደህና ዕቅድ እጽፋለሁ፣ ወይ ይቅርብኝ እላለሁ። አሁን ሰው ጋ ተቀጥሬ እበይዳለሁ፣ ብድሩንም እከፍላለሁ። ብየዳ የማያውቁት ሁለቱ ስልካቸውን ቀይረዋል።

ዜሮ ዓመት፦
ማዕከሉ ምንም አልሠራም ማለት አይደል? ይዘጋ!

ሲኦሲ ያለፈ፦
አይ፣ ተረጋጋ። ብድሩን ሰጥቶ ጥያቄውን ስላልጠየቀኝ ነው የከሰርኩት። አንተ ደግሞ ጥያቄው ቀርቶ ብድሩ ይብዛ ነው የምትለው።

የሸዋ ሮቢቱ ሽንኩርት፦
ብየዳው ወንድሜ ልክ ነው። ብሩ በቀጥታ ይሰጥ የምትሉ፣ በ2009 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መመደቡን ረሳችሁት? ከእኛ ሰፈርም የወሰዱ ነበሩ። የሠራበት ሠራ፣ ግን ሞባይል የገዛበትም፣ የሠርግ ዕዳ የከፈለበትም አለ። ተዘዋዋሪ የተባለው ብር እኛ ሰፈር ሲደርስ ተቀመጠ።

እኔን ያቃናኝ ሥልጠና ነው ብል ትስቃላችሁ። ኤምፕሬቴክ ይባላል፣ ስድስት ቀን ይፈጃል። መነሻው የተባበሩት መንግሥታት ነው። እኛ አገር በ2005 የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል፣ አሁን ኢንስቲትዩት የሆነው ማለት ነው፣ ያመጣው። ከዚያ በፊት ሂሳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብር ካለ አትርፌያለሁ፣ ከሌለ ከስሬያለሁ። ሥልጠናው ላይ የራስህን ጉልበትና ቀን ወጪ ብለህ ጻፍ ተባልኩ። ስጽፈው ለካ ለአዲስ አበባ ነጋዴ በነጻ ስሸከም ነው የኖርኩት። ዛሬ ከሽንኩርቱ ጎን ማሾ እይዛለሁ። ሽንኩርት ዋጋ ቢወድቅም የግድ ትሸጠዋለህ፣ ይበሰብስብሃል። ማሾ ግን ጎተራ ገብቶ ደህና ዋጋ ይጠብቅልሃል። ይህን ገበሬው አባቴ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ካላየሁት አልገባኝም።

ባለ ባጃጁ፦
ባጃጅ ገዛ ብላችሁ እንዳትመጡብኝ ብቻ። ዲግሪ ያላችሁትን ሁሉ ወደ ቃለ መጠይቅ የማደርሰው እኔ ነኝ። በዱቤ ጭምር።

መንዜዋ፦
እናንተ የከተማ ልጆች ማዕከሉ ይዘጋ አይዘጋ ትላላችሁ፣ እኛ መቼ አየነው? ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ወርዶ ለመመዝገብ የመኪና አለ፣ የማደሪያ አለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ተመለሺ» አለ። የአረርቲ ልጅማ ደብረ ብርሃን ከሚመጣ ሞጆ ይቀርበዋል። አረርቲ ላይ ደግሞ ፋብሪካ አለ። እናቴ ባና የሚሠራበትን ሱፍ ትፈትላለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሲቪ አይደለም፣ ገዢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ስንት ተሸጠ የሚለውን የሚነግራት ሰው። ይህን የሚሠራ ማዕከል ካለ ንገሩኝ፣ ነገ እመዘገባለሁ።

አወያይ፦
ለመንዜዋ መልስ ያለው ይጻፍ፤ እኔ የለኝም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማዕከሉ ቢዘጋ ቦታው ባዶ አይቆይም፣ ደላላ ይገባበታል። አሁንም ገብቷል። የመጀመሪያ ወር ደመወዝ ቆርሶ የሚወስድ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሲል ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ ሳይቀበል የሚያገናኝ ማለቱ ነው። ሕጉን የሚያውቀው ተመዝጋቢ ግን ስንት ነው? ቀበሌ ያለው ባለሙያ ሌላው ቢቀር ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ በሩ ላይ ቢለጥፍ የተመዝጋቢውን ደመወዝ ያስከብራል። ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱት እህቶቻችን ሌላ ቀን እንመለስበታለን፣ እሱ ራሱን የቻለ ነው።

ዜሮ ዓመት፦
እሺ፣ አልዘጋውም። ግን የሰው ኃይሏን ፊት ለፊት ልጠይቅ። ክፍት ቦታ ሲኖር ለማዕከሉ ቀድመሽ ትልኪያለሽ?

የሰው ኃይሏ፦
እኔማ እልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እሺ አይልም። አንድ ጊዜ ልከን ነበር። ኦፕሬተር ፈልገን መዝገቡ ላይ ያለው ሰው በሙሉ መጣ፤ አካውንታንቱም፣ ነርሷም፣ መዝገቡ ላይ ስለተጻፈ ብቻ። ከቀኑ ግማሹን «ይቅርታ፣ አይመለከታችሁም» ስል ዋልኩ። ከዚያ በኋላ «ለሠራተኞቻችን ንገሪ፣ እነሱ ሰው ያመጣሉ» ተባልኩ። ስለዚህ ማዕከሉ ለይቶ ይላክ። አምስት ሰው ብዬ ከጠየቅኩ አምስት ይምጡ፣ ማሽኑን የነኩ። የቴክኒክና ሙያ ልጆች የትብብር ሥልጠና እያሉ እኛ ጋ መጥተው ይለማመዱ የለ? ማን ጎበዝ እንደነበረ ሱፐርቫይዘራችን ያውቃል። ማዕከሉ እሱን መጥቶ ጠይቆ አያውቅም።

ዜሮ ዓመት፦
ማሽን ለነካው ይሁን። አካውንታንቱስ? ባለፈው አንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ፈልጎ በዜሮ ዓመት አወጣ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ፈተናውን አለፍኩ። «ተያዥ አምጣ፣ ደመወዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያለው» አሉኝ። አባቴ ገበሬ ነው። ዘመዶቼ በሙሉ ገበሬ ናቸው። ያለፍኩትን ፈተና ለተያዥ ጣልኩት።

የጋርመንቷ፦
ይህ ነገር ስንቱን አስቀረው መሰላችሁ።

የሸዋ ሮቢቱ ሽንኩርት፦
ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የታማኝነት ዋስትና የሚባል ይሸጣሉ። ሠራተኛው ገንዘብ ቢያጎድል ለአሠሪው የሚከፍል ነው። ማዕከሉ ተመዝጋቢዎቹን ሰብስቦ በጅምላ ቢገዛላቸው ብድር ከሚያድል ይሻላል። የሰው ኃይሏ፣ እናንተ ጋ በተያዥ ፋንታ ይህን ቢያመጣ ትቀበሉታላችሁ?

የሰው ኃይሏ፦
ለገንዘብ ያዥና ለስቶር ኪፐር ነው ተያዥ የምንጠይቀው። ሰው ሆነ ወረቀት ለእኔ ግድ የለኝም፣ የፋይናንስ ኃላፊው ነው የሚወስነው። ሰኞ እጠይቀውና እዚሁ እጽፋለሁ።

ዜሮ ዓመት፦
ጠይቂው። እስኪመልስ ግን ድምፄ «ለብድር ይዋል» ላይ ነው፣ አወያይ እንዳትቀይርብኝ።