ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ነዋሪውን ለቁጠባ ማነሳሳት የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የሰፈራችን እድር ስለ ውሃ ቁጠባ ለአባላቱ የሚቀርብ ሐሳብ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ከተማችን በጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራች በመሆኗ ውሃ ሲለቀቅ ዝቅ ያለው ሰፈር ቀድሞ ይሞላል፤ ከፍ ያለው ግን ግፊቱ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ታች የፈሰሰው ውሃ ላይኛው ቤት የቀረ ውሃ ነው። «ውሃ ቆጥቡ» የሚለውን ማሳሰቢያ ሁሉም ሰምቶታል፤ ሰውን በእርግጥ የሚያነሳሳው የታሪፍ ጭማሪ ነው፣ ትምህርት ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ የምተዳደረው በቧንቧ ሥራ ነው፤ እንደማየው ከሆነ ብዙው ብክነት የሚመጣው ከሰው ግዴለሽነት ሳይሆን ከፈረቃው እርግጠኛ አለመሆን ነው። ውሃ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል፤ ሌሊት ሲመጣም በርሜሉን ሞልቶ እስኪነጋ በግቢው ይፈሳል። አዲስ ውሃ በመጣ ቁጥር ደግሞ የተጠራቀመው «ቆየ» ተብሎ ይደፋል፤ ንጹሕ ሆኖ ተከድኖ የተቀመጠ ከሆነ ቢያንስ ለልብስና ለወለል ይበቃ ነበር። እድሩ በቅድሚያ የፈረቃው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገር ቢጠይቅ፣ አባላቱም ሮቷቸው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ቢያስገቡ መልካም ነው። ቤት ውስጥ የሚፈስ ነገር መኖሩን ለማወቅ፣ ውሃ ባለበት ቀን ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ይበቃል፤ ከዞረ ውሃው የሆነ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ጠብታ በወር 600 ሊትር ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው አንዲት ጎሚኒ መቀየር ነው።

መልስ (መምህርት፣ ከደሴ)፦
በታሪፉ ላይ ጥንቃቄ ቢደረግ እላለሁ። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚያድግበት ስሌት በራሱ ተገቢ ቢሆንም፣ በአንድ ቆጣሪ አምስት ስድስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ የእያንዳንዱ ትንሽ ፍጆታ ተደምሮ ከፍተኛው ዋጋ ላይ ያደርሳቸዋል፤ ቆጣቢው ድሃ ይቀጣል። ግልጽነት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ግድቦቿ ሊደርቁ በተቃረቡ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቅዳ፣ የግድቦቹን መጠን በየጊዜው ለሕዝብ ታሳውቅ ነበር፤ ገደቡን ያከበሩ ቤቶችንም በካርታ ላይ በአረንጓዴ ነጥብ አሳይታለች። የከተማዋ ቧንቧ ይዘጋል ተብሎ የተፈራው ቀንም ሳይደርስ ቀረ። የእኛም ሰው የውሃ ጉድጓዶቻችንን ሁኔታ በቁጥር ቢያውቅ ለማባከን አይጨክንም።

መልስ (ከሐይቅ)፦
በወሎ እድር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ስለሚቀመጡ፣ ሼሁም ቄሱም እንዲናገሩበት አድርጉ። ነቢዩ በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ በውዱእ ላይ ውሃ ማባከን እንደማይገባ ማስተማራቸውን ብዙዎች ያውቁታል፤ መስጊድ ውስጥ ሲነገር የሚኖረው ክብደት ከማስታወቂያ ይለያል። የዝናቡንም ነገር አትርሱት። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እስከ 500 ሊትር፣ ማለትም ከሁለት በርሜል በላይ ይወርዳል። እኛ ደግሞ በልግም ክረምትም አለን፤ አሸንዳው ከበልግ በፊት ይጠገን፣ የመጀመሪያው ዝናብም ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስና ለጓሮ ይያዝ።