የአክስቴ መሬት በወለድ አገድ ተይዟል፤ ጠበቃ ልቅጠርላት ወይስ ምን ላድርግ?

የደንበጫው ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ። የማወራችሁ ስለ አክስቴ ነው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደንበጫ አካባቢ ገጠር ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። መሬቷ በጠቅላላው ሦስት ቃዳ ነው፤ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ በጠና ታመመ። ለሕክምና ከጎረቤት 12 ሺህ ብር ተበደረና አንዷን ቃዳ በወለድ አገድ ሰጠ። ብሩ እስኪመለስ ሰውዬው አርሶ ይበላል ማለት ነው። አጎቴ አልዳነም። ሰውዬው እስከ ዛሬ ያርሳል። ዘንድሮ አክስቴ በግ ሸጣ፣ እኔም ጨምሬላት፣ 12 ሺውን ቋጥራ ብትሄድ «የዛሬ 12 ሺህ የያኔው ነው እንዴ? 60 አምጪና መሬትሽን ውሰጂ» ብሎ መለሳት።

ይባስ ብሎ ሰኔ ላይ ሌላኛው ማሳዋ ላይ ወሰን ገፋ። አራት ፈር ያህል ወደ እሷ ገብቶ አረሰ። «የወሰኗ ድንጋይ እግር አውጥታ ሄደች» ብላ በስልክ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ለሚመለከታቸው ሰዎች አመልክታለች፤ «ነገ ነይ» እያሉ ሦስት ሳምንት አመላለሷት።

አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር አላት። በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ግን አዋሳኞቹ የተጻፉበትን ገጽ ጥግ አይጥ በልታዋለች። የምዕራቡ ስም ጠፍቷል፤ ገፊው ደግሞ በምዕራብ ያለው ነው! የወለድ አገዱ ወረቀት ላይ ያለው የአጎቴ አሻራ ብቻ ነው፤ እሷ አልፈረመችም።

12 ሺው ተቀምጧል። ከዚያ ሌላ 25 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ። ሁሉንም ለጠበቃ ልስጠው ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?

የድሮ ቀያሽ፦

ልጄ፣ አይጧን እርሳት። ደብተሩ ላይ ያለው ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባሕር መዝገብ ላይም ሰፍሯል። አክስትህ ማመልከቻ ጽፋ ከመዝገቡ ኮፒ ታውጣ። ቃል አይበቃም፤ በጽሑፍ ታስገባና የገቢ ቁጥር ትቀበል። ቁጥር ያለውን ደብዳቤ «ነገ ነይ» ብሎ መመለስ ትንሽ ይከብዳል።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብዙ ዓመት መሬት ለክቻለሁ። ሥራው በክልላችን በ1995 ሲጀመር ከመሞከሪያዎቹ ቀበሌዎች አንዱ እዚሁ ጎዛምን ወረዳ ውስጥ ነበር። ያኔ ካርታ የሚባል ነገር የለም፤ በገመድ እንለካና «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ» ብለን እንጽፋለን። አራት ፈር በገመድ ልኬት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን ሳልደብቅህ ነው የምነግርህ። ካርታ ያለው ሁለተኛው ደብተር ከወጣላት ግን ሌላ ነገር ነው። ካልወጣላት ትልቁ ማስረጃ ሰው ነው። በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኗትን ይዛ ትቅረብ፤ ሲለካ ቆመው ያዩ አሉ። ድንጋዩን ግን በራሷ እጅ እንዳትመልስ። እሱ የሚፈልገው ያንን ነው። ስንት ደም ያየነው በአንዲት ድንጋይ ነው።

ማርቆስ የተማርኩት፦

ወንድሜ፣ ሁለቱን ጉዳይ አታቀላቅላቸው።

ወሰን መግፋቱ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ላይ አለ፤ ሁከቱ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈ አይቀርብም። ሰኔ ላይ ከሆነ ጊዜ አለ፤ ግን አትዘናጉ። ሽምግልናም ሲጎተት ጊዜ ይበላል።

ወለድ አገዱ የተለየ ነው፤ ሰውዬው በጉልበት አልገባም፣ ባልየው ነው ያስገባው። እዚያ ላይ የምትጠይቀው ውሉ ፈርሶ መሬቱ እንዲለቀቅላት ነው። ደብተሩ የባልና ሚስት ነው፤ የእሷ ፈቃድ የሌለበት ወረቀት ደካማ ነው። ነገ «ሸጦልኛል» ቢልም አትደንግጡ፤ መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ግን ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወደነበሩበት ነው የሚመለሱት፤ ቁጥር 1815። መሬቱ ወደ እሷ፣ 12 ሺው ወደ እሱ። ስለዚህ ያቺን 12 ሺህ አትንካት። 60 የሚለውን ከየት እንዳመጣው ዳኛ ፊት ያስረዳ። ስድስት ዓመት በልቷል እኮ!

ለጠበቃ ከመሮጥህ በፊት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። ክስ ይጽፋሉ፣ ይመክራሉ፣ ይቆሙልሃል። የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉም «በደሃ ደንብ» መክሰስ ይቻላል። አቅም እንደሌላት ከቀበሌ ደብዳቤ ታጽፍ፣ ያላትን ንብረት ዘርዝራ በመሐላ ታቅርብ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ድሃ በጉን እየሸጠ ይከፍላል።

ከአማኑኤል፦

የሁለታችሁም ልክ ነው። ግን የእናቴን ልንገራችሁ። እናቴም ተከራክራ ረታች። ሁለት ክረምት ፈጀባት። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የመኪና፣ ከተማ ለማደር፣ ለምስክር ምሳ። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ የዘንድሮን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ መሬቱ ተመለሰላት። ማን ይረስላት? በሬ የላትም። ለዚያው ለረታችው ሰውዬ በእኩል ሰጠችው፤ እሱ አርሶ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ! ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም።

አክስትህ በሬ አላት? ይህን ማንም አልጠየቀህም። 25 ሺህ ብር ዛሬ በሬ እንደማይገዛ አውቃለሁ። ግን ለቀጠሮ መመላለሻ፣ ለምስክር፣ ለዘር፣ ሐምሌ ላይ ጥንድ በሬ ለሁለት ቀን ለመከራየት ይሆናል። አንድ በሬ ያለው የሥጋ ዘመድ ካላችሁ የመቀናጆ ጓደኛ፣ ማለትም ሌላ አንድ በሬ ያለው ሰው ፈልጉለትና እሱ ይረስላት፤ እኩሉም በጽሑፍ ይሁን። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው እያሉ ዝም ማለት ነው አክስትህን እዚህ ያደረሳት።

ከክሱ በፊት ደግሞ የነፍስ አባታቸውን ላኩ። ጎረቤታሞች ከሆኑ ንስሐ አባታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይዘው ይቀመጡ። ቢያንስ ድንጋይዋን ይመልሳታል። ስምምነቱ ይጻፍ፣ ይፈረም።

የደንበጫው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ቀያሽ፣ የገቢ ቁጥሩ ነገር ገብቶኛል። እህቴ ከአማኑኤል፣ በሬ የላትም። እውነቱን ለመናገር ጠበቃ ጠበቃ ስል ስለ በሬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ንስሐ አባታቸው አንድ ናቸው! «እሳቸው ከመጡ ይፈራል» አለችኝ። ክሱን ግን አልወደደችውም። «ጎረቤት ነው፤ ስሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው» ትላለች። እንግዲህ አባታችን መጀመሪያ ይሂዱ። እስከ ጥምቀት መልስ ካልሰጠ ማርቆስ እሄዳለሁ። ብሩ ለመመላለሻና ለእርሻ ይሁን ብያለሁ።

ደብተሩን ኮፒ ላስደርግ መውሰድ እንዳለብኝ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? መጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለቱ ፎቶ አለ፤ እሱ የሰው ኮት ለብሶ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ። «ያቺን ለብቻዋ አሳድገህ አምጣልኝ» አለችኝ። የአጎቴ ሌላ ፎቶ የላትም።