እንቅልፍ ማጣትና የቆየ የወገብ ሕመም፦ በ20 ደቂቃ ቀጠሮ የትኛው የሲቢቲ ክፍል ይቅደም?

ጤና መኮንን፣ ኮዬ ፈጬ (ጠያቂዋ)
ሰላም ለቤቱ። ለወራት እንቅልፍ አጥተው ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡት ብዙዎቹ የቆየ የወገብ ሕመምም አለባቸው። «ቡና ቀንሱ፣ ስልክ አርቁ» የሚለው ምክር ብቻውን ምንም አላመጣም። ሲቢቲን (ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒን፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ሕክምና) ሙሉ ለመስጠት ጊዜ የለም፤ ከየት ልጀምር? አብዛኛው ሰው አንድ ክፍል ቤት ይኖራል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሰርቪስ ይጠብቃል። «እንቅልፍ እምቢ ካለህ ከአልጋ ውረድ» ስለው ወዴት ይውረድ?

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት
ምክሩ ብቻውን አለመሥራቱ አይገርምም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይሰጥ ያለው ሲቢቲን ነው እንጂ የምክር ዝርዝርን አይደለም። ከውስጡ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የአልጋ ጊዜን መገደብ ነው፤ ከእሱ ይጀምሩ።

ለ2 ሳምንት መዝገብ ያስይዙ፦ ለየሌሊቱ አንድ መስመር፣ ለየሰዓቱ አንድ ሳጥን፤ የተኛበትን ጠዋት ላይ በግምት ያጥቁር። ሌሊት ሰዓት እያየ ከሞላው መዝገቡ ራሱ ያነቃዋል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ከምሽቱ 2 ተኩል ገብቶ ሌሊት 10 ተኩል የሚነሣ ሰው አልጋ ላይ 8 ሰዓት ይቆያል። የተኛው 5 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ አልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ 69 በመቶው ብቻ ነው። መነሻውን ሰርቪሱ ስለወሰነው መግቢያውን ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ይግፉት። ሳምንቱ ሲያልቅ ከ85 በመቶ በላይ ከደረሰ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ፤ ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ያዘግይ፤ በመካከል ከሆነ ባለበት ይቆይ። አልጋ ላይ የሚያሳልፈው ጠቅላላ ጊዜ ከ5 ሰዓት በታች አይውረድ። እሑድም በዚያው ሰዓት ይነሣል (እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚያፈገፍገው)። ማታ ሲመለስ ሰርቪስ ውስጥ 40 ደቂቃ ካሸለበ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው የእንቅልፍ ግፊት እዚያው ያልቃል፤ ይህን ሳይጠይቁ «አልሠራም» አይበሉ።

አንድ ክፍል ቤት ላይ፣ ከተቻለ ጥግ ላይ በርጩማና ጋቢ ይዘጋጅ። ካልተቻለ አልጋው ላይ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ይቀመጥ፤ የሚጋደመው ዓይኑ ሲከብድ ብቻ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ
ልክ ነው፤ ለማን እንደማይሰጥ ግን አልተጻፈም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበትን እንዲህ አታድርጊው እህቴ፤ የእንቅልፍ ማነስ አንዱን ይጥለዋል፣ ሌላውን ወደ ማኒያ (ከልክ ወዳለፈ የስሜት መነሣሣት) ይገፋዋል። ሹፌርና ፎቅ ግንባታ ላይ የሚውል ሰውም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀን እንቅልፍ ሊያመጡበት ስለሚችሉ አስቀድሞ ይነገረው። ዲያዜፓም (የማረጋጊያ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰደ በድንገት አያቁም፤ የሚጥል ነገር ሊያስከትል ይችላል።

ሌላው ሐሳቡ ነው። «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ ከሥራ እባረራለሁ» ለሚል ሰው አትከራከሪው። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቴ ሥራው እንደተበላሸ ራሱ ይቁጠር። «የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ» ሲልሽ ግን የተጣመመ ሐሳብ አይደለም፤ እውነተኛ ችግር ነው። እዚያ ላይ ችግሩን ከፋፍሎ አንዱን ደረጃ መምረጥ ይሻላል። ፀበል የሚሄድ ካለም አብሮ ይሂድ፤ ፉክክር አታድርጊው።

ፊዚዮቴራፒስት
ለወገቡ፦ በመጀመሪያ አደገኛውን ለዩ። የእግር መዛል፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ትኩሳት ከክብደት መቀነስ ጋር (የአከርካሪ ቲቢን አትርሱ) ካለ ሲቢቲ ሳይሆን ሪፈር ነው። ከሌለ ዋናው ስሕተት ደህና በሆነ ቀን እንጀራውንም እጥበቱንም ጨርሶ ሁለት ቀን መተኛት ነው። ሕመሙ ሳይጨምር ስንት ደቂቃ መቆም እንደሚችሉ ሦስት ቀን ይለኩ፤ 12፣ 8 እና 10 ከሆነ አማካዩ 10 ነው፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው በ8 ይጀምሩ። በ8ኛው ደቂቃ ባያምም ይቀመጣሉ፤ በየሳምንቱ 1 ደቂቃ ይጨምራሉ። የሚያስቆመው ሰዓቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ሰው የሚያበላሸው ይህችን ነው፤ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ ልጀምር?

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት
አይሆንም። ሁለት መዝገብ በአንዴ የሚይዝ ታካሚ ጥቂት ነው። እንቅልፉን ያስቀድሙ፤ የተጎዳ እንቅልፍ ሕመምን ያብሳልና። የደቂቃ ቆጠራውን ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ይጨምሩ።