መጀመሪያ ማገገሚያ ማእከል ወይስ በየጤና ጣቢያው ሕክምና?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሱስና በአእምሮ ሕመም ለተያዙ የወሎ ወጣቶች የሚዋጣው ገንዘብ መጀመሪያ ለምን ይዋል?

ሐሳቡን ያቀረቡት፣ ከደሴ፦
አልጋ ያለው የሱስ ማገገሚያ ማእከል በደሴ ይገንባ የምለው፣ ወጣቱ ከጫት ቤቱና ከጓደኞቹ ሳይርቅ ይድናል ብዬ ስለማላምን ነው። ቀን ሲቅም ውሎ ማታ ለጨብሲ መጠጥ ቤት የሚገባ ልጅ፣ የሐኪም ምክር ሰምቶ ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ብዙው ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ይዞ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለግል ማገገሚያ የሚከፍልበት አቅም የለውም።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትዎን እጋራለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ከማእከሉ የሚወጣውም ልጅ የሚመለሰው እርስዎ ወደሚሉት ሰፈር ነው፤ ያን ጊዜ በቅርቡ የሚከታተለው ባለሙያ ከሌለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ የሆነችበት መርሐ ግብር፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (የሌለውን እንዳለ የሚያሳይና የሚያሳምን ከባድ የአእምሮ ሕመምን)፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥ ሱስን ለይተው እንዲያክሙ፣ የከበደውን ብቻ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ የሚያሠለጥን ነው።

ሱስም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይዝላል፣ ይቃዣል፤ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ካልመጣበት በስተቀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሆኖ በድጋፍ ይወጣዋል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በድንገት ሲከለከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል፤ ይህም ሊገድል ስለሚችል ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቤተሰብ «ይተወው» ብሎ በቅን ልቡና በር የሚቆልፍበት ልጅ እንዲህ ሊሞት እንደሚችል ሁሉም ሊያውቀው ይገባል።

እናት፣ ከመካነ ሰላም፦
ልጄ ለፈተና ለማንበብ ብሎ የጀመረው ጫት እንቅልፍ ነሣው፤ ኋላም «ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው» ማለት ጀመረ። ጸበል ወሰድኩት፤ ከዚያም ደሴ ታክሞ ተሻለው። ክኒኑን ከበርበሬው ቅል ኋላ እደብቀው ነበር፤ ቡና የምንጣጣቸው ሰዎች አይተው «ያበደ ልጅ አላት» እንዳይሉኝ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን የመኪናው ዋጋ ከመድኃኒቱ በለጠብኝና አቋረጠ፤ ሕመሙም ተመለሰ። ክኒኑ እዚሁ ቢገኝልኝ ከአልጋው እሱን እመርጣለሁ። ደግሞም የታመመ ልጅ ያላት እናት ራሷ የሚያናግራት ሰው ትሻለች፤ ይህ በማንኛችሁም ዕቅድ ውስጥ አላየሁትም።

ኡስታዝ፣ ከሐርቡ፦
አብሽሪ እህቴ። ቤተሰብ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን ወይም የቄሱን በር ስለሆነ፣ ዕቅዱ እኛን ይጨምር። ዱዓውም ጸበሉም ክኒን አቁሙ አያሰኝም። በናይጄሪያና በጋና ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ፈዋሾች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተባብረው ሲሠሩ የሳይኮሲስ ሕሙማን የበለጠ እንደተሻላቸው አሳይቷል።

ሐሳቡን ያቀረቡት፣ ከደሴ፦
ለእናታችን መልስ ሳይሰጥ ግንባታ እንጀምር አልልም። ነገር ግን የሠለጠነው ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር፣ መድኃኒቱም ከመጋዘን ሲጠፋ ምን ይደረግ? ሕንጻ ቢያንስ ከቦታው አይዛወርም።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሕንጻው ባይዛወርም ውስጡ የሚሠራው ባለሙያ ይዛወራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጣቢያ ከአንድ በላይ ሰው ይሠልጥን፤ ከመዋጮው የመጀመሪያው ብርም መድኃኒት ሲጠፋ መግዣ የሚሆን ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይሁን፤ ቤተሰቦች በወር አንድ ቀን ከባለሙያ ጋር የሚገናኙበት ክፍልም እዚያው ጣቢያ ውስጥ ይመደብ። ይህ በመካነ ሰላም ከተጀመረ፣ ለማእከሉ መዋጮ ስም ከሚያስመዘግቡት አንዷ እኔ እሆናለሁ።